መከታና የውሪት ልጆች

ጊዜው ከድሮም ድሮ ነው። እንስሳት እንደ ሰው ሰላምታ በሚለዋወጡበት ዘመን፣ ስሙን ዛሬ ማንም በማያስታውሰው አገር፣ መከታ የሚባል ውሻ ነበር። በዚያው ግቢ ውሪት የምትባል ድመት ትኖር ነበር። ደጁ የመከታ ነው፤ ጎተራው የውሪት ነው። እሱ ሌባና ቀበሮ ያባርራል፤ እሷ አይጥ ትይዛለች። ጌታቸው ለሁለቱም ፍርፋሪ ይጥላል።

ሁለቱ ግን አይነጋገሩም። ጠቡ የተጀመረው በአንዲት የበግ አጥንት ነው። መከታ አጥንቷን ቀብሮ ሄደ፤ ሲመለስ ቢፈልግ፣ ቢፈልግ አጣት። ወሰድሽብኝ አላት፤ አልወሰድኩም አለችው። ሽማግሌ ገብቶ አስታረቃቸው፤ ሁለቱም ይቅር ብለናል አሉ። ከዚያ በኋላም በበሩ ሲተላለፉ እሱ ወደ ሰማይ ያያል፣ እሷ ወደ ጎን ታያለች።

በአንድ ክረምት ውሪት ከጎተራው ሥር፣ በአሮጌ እንቅብ ውስጥ አራት ልጆች ወለደች። ዓይናቸው ገና ሳይገለጥ እባብ ከድንጋይ ካቡ ወጥቶ ወደ እንቅቡ ተሳበ። ውሪት አልሸሸችም። ገደለችው። እሱም ሳይሞት ነድፏት ነበር።

እግሯን እየጎተተች ወደ ደጅ ወጣች። ጎረቤት አልጠራችም፤ በቀጥታ ወደ መከታ ሄደች።

"መከታ፣ አጥንቷን እኔ አልወሰድኩም" አለችው። "ልጆቼን ግን አንተ ውሰዳቸው። አደራ።"

ይህን ብላ እግሩ ሥር ሞተች።

መከታ ከካቡ ጥግ፣ ከእሬቱ ሥር ጉድጓድ ቆፈረላት። አፈሩ እርጥብ ነበር። ጥቂት እንደቆፈረ ጥፍሩ ከአንድ ነገር ጋር ተጋጨ። የበግ አጥንት ነው። የቀበረበትን ቦታ ረስቶት ኖሯል። አጥንቷን ለብዙ ጊዜ ቆሞ አያት። ከዚያ ከውሪት ጎን አስቀምጦ አፈር መለሰባቸው።

ወደ እንቅቡ ተመለሰ። ልጆቹ ቀዝቅዘዋል። እንቅቡን በጥርሱ ነክሶ እየጎተተ ከበሩ አጠገብ፣ እሱ ራሱ ከሚተኛበት ታዛ ሥር አመጣው። ተጠምዝዞ አቀፋቸው። ሲሞቃቸው እየተሳቡ ደረቱ ላይ ወጡ፤ በአፍንጫቸው እየዳበሱ ጡት ፈለጉ። ያገኙት ጠጉር ብቻ ነው። መከታ በደረቱ የሚኮራ ውሻ ነበር። በዚያን ቀን ደረቱ አሳፈረው።

የዚያ መንደር ወሬ የሚወጣው ከአውራ ዶሮው አፍ ነው። አጥር ላይ ወጥቶ ይህን ሲያይ ጊዜ አልፈጀም።

"አያ መከታ፣ እንኳን ማርያም ማረችህ" አለው። "ገንፎው መቼ ነው? ማንኪያ ይዘን እንምጣ?"

ዶሮዎቹ ሁሉ ሳቁ። አውራ ዶሮው ቀጠለ፦

"ጡት የለህ፣ ወተት የለህ፤ በምን ልታሳድጋቸው ነው?"

"በምን እንደሆነ አላውቅም" አለ መከታ። "አደራ ግን አለብኝ።"

ተነሥቶ ወደ ጎረቤት ሄደ። እዚያ እታለም የምትባል አራስ ፍየል ነበረች። ወተት ለመናት። እሷም እንደ አውራ ዶሮው፣ ጡት የለህ፣ ወተት የለህ፤ በምን ልታሳድጋቸው ነው አለችው። እሱም በምን እንደሆነ አላውቅም፤ አደራ ግን አለብኝ አላት። እታለም እያመነዠከች አሰበች። እናት ናትና ብዙ አላስለመነችውም።

"ቀበሮው ዓይኑን ከግልገሌ ላይ አላነሣም" አለችው። "አንተ እሱን አርቅልኝ። ግልገሌ አንዱን ጡት ስትጠባ ከሌላው የሚንጠባጠበው ያንተ ይሁን።"

መከታ የቅል ስባሪ ከጡቷ ሥር አኖረ። ወተቱ ጠብ ጠብ እያለ ሞላ። ስባሪውን በአፉ ይዞ፣ አንዲት ጠብታ ሳያፈስ ወደ እንቅቡ አመጣ።

አሁን ወተት አለ፤ ማጥቢያው ጠፋ። መዳፉን ነክሮ ቢሰጣቸው መዳፉ ከፊታቸው ይበልጣል፤ አፍንጫቸው ውስጥ እየገባ አስነጠሳቸው። መከታ አንድ ነገር ትዝ አለው። የቤቱ እመቤት ሕፃኗን እንዴት እንደምትመግብ ከደጅ ሆኖ ብዙ ጊዜ አይቷል። ጭኗ ላይ አንጋላ፣ በመዳፏ ወተት እያንቆረቆረች ትግተው ነበር። ልጇም ወፍሮ፣ አምሮበት ነበር። መከታ ያደገው ከሰው ጋር ነው። ልጅ የሚያድገው እንዲህ ነው ብሎ አመነ።

አብልጣ በምትጮኸው ጀመረ። አንጋሎ በመዳፉ ያዛት፤ ከምላሱ ላይ ወተቱን አንቆረቆረላት። ሳላት። መጀመሪያ ያስላል፣ በኋላ ይለምዳል ብሎ ደገመላት። ጩኸቷ ቆመ። የጠገበች መሰለው።

የሰውን ልጅ ያወፈረው የድመትን ልጅ ገደለ። ወተቱ በሆዷ አልገባም፤ በትንፋሿ ገባ።

መከታ ከእናቷ አጠገብ ቀበራት። በዚያን ዕለት አውራ ዶሮውም አጥር ላይ አልወጣም።

ይህን ሁሉ በጎተራው ቀዳዳ ስትመለከት የነበረች አንዲት አለች። እሜት አይጢት ትባላለች። ውሪት የሞተች ዕለት ዘመዶቿን ሰብስባ እየሳቀች እስኪደክማት ጨፍራለች። ቆየት ብላ ግን አሰበች። እነዚህ ሦስቱ ካለቁ ጌታው ከሌላ መንደር ዓይኑን የገለጠ፣ ጥርሱን ያወጣ ድመት ያመጣል። ጠላት መቼም አይቀርም፤ ከማይቀር ደግሞ በእጅ ያደገ ጠላት ይሻላል አለች። አመድ በራሷ ላይ ነስንሳ፣ ደረቷን እየመታች ወደ መከታ መጣች።

"ወይኔ ውሪት፣ ወይኔ እህቴ" ትላለች።

"ስትስቂ ሰምቼሻለሁ" አላት መከታ።

"ከሐዘን ብዛት ነው፣ አያ መከታ። ሰው ሲጨንቀው ይስቃል።" ወደ እንቅቡ አንገቷን አሰገገች። "ጡት የለህ፣ ወተት የለህ፤ በምን ልታሳድጋቸው ነው?"

"በምን እንደሆነ አላውቅም። አደራ ግን አለብኝ።"

"እኔ አውቃለሁ" አለች አይጢት። ጅራቷን አንሥታ አሳየችው። ቀጭን ነው፤ በደቃቅ ጠጉር የተሸፈነ፤ ወተት ይይዛል፤ ለትንሽ አፍ ይመቻል።

በነጻ ግን አልነበረም። በዚያ አገር ጠላትና ጠላት ዘመድ መሆን ሲፈልጉ ጡት ይጣባሉ። ትልቁ ጣቱን ማር ቀብቶ ለታናሹ ያጠባል። ከዚያ ወዲያ የጡት እናትና የጡት ልጅ ናቸው፤ አንዱ በሌላው ላይ እጁን አያነሣም። አይጢት የፈለገችው ይህንን ነው። ጅራቷን ከጠቡ የጡት ልጆቿ ይሆናሉ፤ እሷንም ዘመዶቿንም አይነኩም፤ ጎተራውም ክፍት ይሆንላታል።

መከታ እንቅቡን አየ። ሦስቱም መጮህ ትተዋል። ጎተራው የውሪት አደራ ነው፤ ልጆቹም የውሪት አደራ ናቸው። እህል ዳግመኛ ይዘራል፤ ልጅ ዳግመኛ አይዘራም አለና እሺ አላት።

ለምስክር ነጭ ካባቸውን የደረቡትን አባ ጉሬዛን ጠሩ። አባ ጉሬዛ ከዛፍ ወርደው የሁለቱን መሐላ ሰሙ። ከመሄዳቸው በፊት የአገሩን ሕግ ተናገሩ፦

"የጠባ አይክዳ፤ ያጠባም አይክዳ። አጥቢው ከነጠቀ፣ ጠቢው ነጻ ነው።"

አይጢት ጅራቷን ወተቱ ውስጥ ነከረች። ልጆቹ በሆዳቸው እንደተኙ፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው ጠቡ። መከታ በሆድ ተኝቶ መጥባትን ያን ጊዜ አየ። ያቺን አብልጣ ትጮህ የነበረችውን አስታወሳት።

አንዱ ችግር ሲሄድ ሌላው መጣ። የልጆቹ ሆድ እንደ ከበሮ ተወጠረ። አይጢት ጥጋብ ነው አለችው። እውነቱ ሌላ ነው። የድመት ልጅ ዓይኑ ሳይገለጥ ብቻውን አይሸናም፤ እናቱ ስትልሰው ነው የሚሸናው። የአይጥም ልጅ እንዲሁ ነውና አይጢት ይህን ታውቃለች። ሦስት ከሚሆኑ አንድ ቢሆኑ ይቀለኛል ብላ ግን አፏን ዘጋች።

መከታ የሚያደርገው ጠፋው። ከሁሉ የምታንሰውን፣ ምትኬ ብሎ ስም ያወጣላትን፣ ወደ ደረቱ ሳባት። የሚሰጣት ጡት የለው፣ የሚያውቅላት መድኃኒት የለው። ውሻ ሲያዝን የሚያደርገውን አደረገ፤ ላሳት። ጀርባዋን ላሰ፣ ሆዷን ላሰ፣ ከጅራቷ ሥር ላሰ። ድንገት ሞቅ ያለ ነገር በምላሱ ላይ ወረደ። ምትኬ ሸናች።

ልጄ ሸናችብኝ ብሎ እንደ መከታ የተደሰተ የለም። ወንድሞቿንም ላሳቸው፤ እነሱም ሸኑ። በማግስቱ አጥር ላይ ላለው አውራ ዶሮ ሳይጠየቅ ነገረው። "ሦስቱም ሸኑ" አለው፣ ደረቱን ነፍቶ። አውራ ዶሮው ከአጥሩ ወረደ።

ከዚያ ወዲያ ሥራው ይኸው ሆነ። አይጢት ታጠባለች፤ መከታ ይልሳል። ዝናብ ሲመጣ ጀርባውን ለዝናቡ ሰጥቶ ሆዱን ለእነሱ ይሰጣል። ቀበሮ ሲመጣ ከእታለም ጋር የገባው ውል አለና ተነሥቶ ያባርራል። ተመልሶ ይልሳቸዋል።

አይጢት ግን መከታ ቀበሮ ለማባረር የሚሄድበትን ሰዓት ለየች። ሲሄድ ጅራቷን ከወተቱ ታወጣና አፏን ታስገባለች። ልጆቿንም ትጠራለች። ስባሪው ይደርቃል። መከታ ተመልሶ ልጆቹ ሲያለቅሱ ቢያገኛቸው፣ እናት የሌለው ልጅ እንዲህ ነው፣ ቢጠባም አይጠግብም ትለዋለች። እሱም አዝኖ ይልሳቸዋል። እሷ ወፈረች። እነሱ ከሲታ ሆነው፣ በመከታ ሙቀት ግን አልሞቱም።

ክረምቱ ወጣ። ልጆቹ ዓይናቸውን ገለጡ፤ መሄድ ጀመሩ፤ ወተቱን ራሳቸው በምላሳቸው መጠጣት ቻሉ። መከታ ሲሄድ ተሰልፈው ይከተሉታል። እንግዳ ሲመጣ እሱ ሲነሣ አብረው ይነሣሉ። እታለም አያ መከታ፣ ልጆችህ መጮህ የሚጀምሩት መቼ ነው እያለች ትቀልድበት ነበር። አንደኛው አንድ ቀን እንደ አባቱ ልጩህ ብሎ ሞከረ፤ ማስነጠስ ሆነበት። መከታ ግን ጎበዝ አለው።

አጨዳው አልቆ ጎተራው ሲሞላ እሜት አይጢት ዘመድ አዝማዷን አስከትላ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በዋናው በር ገባች።

"ደህና ናችሁ ልጆቼ?" እያለች በልጆቹ መካከል አለፈች።

የድመቶቹ እግር ጠንከር ብሎ ነበር፤ ጥፍራቸውም ሰልቷል። አይጥ ባለፈ ቁጥር ገላቸው ይንቀጠቀጣል፤ ወደ አባታቸው ያያሉ። መከታ መሐላ አለበት። ፊቱን ያዞራል። እነሱም ይቀመጣሉ።

ጌታው ጎተራውን ከፍቶ ቢያይ እህሉ ገለባ ሆኗል። ደጅ ቢያይ ሦስት ጎረምሳ ድመቶች ውሻ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። ተናደደ። ድመቶቹ አይጥ አይዙ፤ ነገ ጠዋት በስልቻ ከትቼ ከገደሉ ማዶ እጥላቸዋለሁ ብሎ ማለ። ስልቻውንም አውጥቶ ደጃፉ ላይ ሰቀለው።

መከታ ስልቻውን አየ። ሮጦ ወደ አባ ጉሬዛ ሄደ።

"አባ፣ ከመሐላዬ ይፍቱኝ" አላቸው። "ልጆቼ ሊጣሉብኝ ነው።"

"መሐላ በልመና አይፈታም ልጄ" አሉት። "ጉባኤ እንቀመጥ።"

አውድማው ላይ ተቀመጡ። የግቢው እንስሳ ሁሉ መጣ። አይጢት መሐል ገብታ የሰጠችውን ቆጠረች፤ ጅራቷ እስኪቆስል አጥብታለች፤ የሰው ልጅ ቢሆን ሐውልት ያቆምላት ነበር። መከታም እንዳጠባች በዓይኑ አይቷል። አንገቱን ደፋ።

ያን ጊዜ ምትኬ ከጀርባው ወጣች። ማንም አልጠራትም።

"አባ ጉሬዛ፣ እኔ ልናገር" አለች። "ዓይኔ ሲገለጥ መጀመሪያ ያየሁት እሜት አይጢትን ነው። ጅራቷ ደረቅ ነበር። አፏ ወተቱ ውስጥ ነበር። ልጆቿ ስባሪውን ከበው ይጠጣሉ። አባዬ ቀበሮ ሊያባርር ሄዶ ነበር።"

አይጢት ሳቀች።

"ምን ዓይነት ቀጣፊ ልጅ ናት" አለች። "እኛ ስንጠጣ የማንኛቸውም ዓይን አልተገለጠም ነበር።"

አባ ጉሬዛ ካባቸውን ሰበሰቡ።

"እናንተ ምን ስትጠጡ?" አሏት በቀስታ።

አይጢት አፏን ያዘች። ቃል ግን ከአፍ ከወጣ አይመለስም። በዚህ እንደማትወጣ ስታውቅ በሌላ በኩል መጣች።

"ጠጣሁም አልጠጣሁም፣ በሕይወት አሉ" አለች። "ይንገሩኝ እስቲ አባ፤ እሱ ጡት የለው፣ ወተት የለው፤ እኔ ካልሆንኩ በምን አሳደጋቸው?"

ሁሉም ወደ መከታ ዞሩ። እንደ ልማዱ፣ በምን እንደሆነ አላውቅም ሊል አፉን ከፈተ። ምትኬ ቀደመችው።

"በምላሱ" አለች።

አባ ጉሬዛ ካባቸውን መልሰው ደረቡ። ከዚያ ተነሡ።

"አጥቢው ከነጠቀ ጠቢው ነጻ ነው። መሐላው ፈርሷል" አሉና ወደ ዛፋቸው ወጡ።

ሦስቱ ድመቶች አይጢትን አላዩም። መከታን አዩት። እስከዚያ ቀን ሲያዩት ሁልጊዜ ፊቱን ያዞር ነበር። በዚህ ጊዜ አላዞረም።

ያኔ የሆነውን ጎተራው ይናገር። እሜት አይጢት ከሁሉ ቀድማ ሮጠች፤ ምትኬ ቀዳዳው አፍ ላይ ደርሳ ጅራቷን ያዘች። አይጢት ነፍሷን አተረፈች፤ የጅራቷ ጠጉር ግን በምትኬ ጥፍር ላይ ቀረ። እስከ ዛሬም አልበቀለም።

ጠዋት ጌታው ስልቻውን ይዞ ወጣ። ከደጃፉ ላይ አይጥ በአይጥ ተደርድሮ አገኘ። ከአይጦቹ በላይ ሦስት ድመቶች ተቀምጠዋል። በመካከላቸው ውሻው ደረቱን ነፍቶ ቆሟል። ጌታው ጥቂት አየና ስልቻውን ከጎተራው በተረፈው እህል ሞላው።

አውራ ዶሮውም አጥር ላይ ወጣ። መንደሩ እስኪሰማ ጮኸ። "የመከታን ልጆች ኑ እዩ" አለ። ገንፎ አላነሣም።

መከታ ልጆቹን አስከትሎ ወደ ካቡ ጥግ፣ ወደ እሬቱ ሄደ። ሦስቱን ፊት ለፊት አሰለፋቸው። ጠጉራቸው ያበራል፤ ጅራታቸው ቀጥ ብሏል።

"ውሪት፣ አራት ሰጥተሽኝ ነበር" አለ። "አንዷ ካንቺ ጋር ናት። ሦስቱ እነዚህ ናቸው። እያቸው።"

ምትኬ አገጩን ላሰችው። አብረው ወደ ደጃቸው ተመለሱ።

ዛሬም ከሕፃንነታቸው አብረው ያደጉ ውሻና ድመት ተቃቅፈው ስታዩ አትገረሙ፤ የመከታ ወገን ናቸው። ተረቴን ለእናንተ አስረክቤያለሁ፤ እናንተም ለልጅ አስረክቡ። የዚያ አገር ሰዎች ልጅ ያሳደገ አባት ሲያዩ ይህን ይላሉ፦

ከሚያጠባ ጅራት፣ የሚልስ አባት።